የሐይቁ ብርድ ወይስ ፍራሹ? በባሕር ዳር ቤቶች ውስጥና ዙሪያ አለርጂ የሚቀሰቅሱ ነገሮች

ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ ከእንቅልፏ በተነሣች ቁጥር ዐሥር፣ ዐሥራ ሁለት ጊዜ በተከታታይ ታስነጥስ ነበር። ካስነጠሰች በኋላ መዳፏን አፍንጫዋ ሥር ታደርግና ወደ ላይ ትገፋዋለች፤ ይህን ከመደጋገሟ የተነሣም በአፍንጫዋ ላይ ወደ ጎን የምትሄድ ቀጭን መስመር ወጥታ ነበር። ከዓይኖቿ በታች ያለው ቆዳ ጠቆር ብሏል፤ ማታም አፏን ከፍታ ትተኛለች። እናቷ «የጣና ብርድ ነው» ትላለች፣ ጎረቤቶችም በዚሁ ይስማማሉ፤ ስለዚህ ማታ ማታ መስኮቱ ይዘጋል፣ ከሳጥን የወጣ ወፍራም ብርድ ልብስ ይደረብላታል፣ ጠዋት ግን ማስነጠሱ ይብሳል። በሁለት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ የባክቴሪያ መድኃኒት ተገዝቶላት ጨርሳለች፤ አንዱም ለውጥ አላመጣም። እህቴን ብርድ ልብሱ መቼ እንደታጠበ ስጠይቃት ጥቂት አሰብ አድርጋ «ለጥምቀት ይመስለኛል፤ የዘንድሮውን አይደለም፣ የአምናውን» አለችኝ።

ባሕር ዳር ተወልዶ ያደገ ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ ቤት ያውቃል። አፍንጫ ሲዘጋና ዓይን ሲያሳክክ ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ ይወቀሳል፣ ካልሆነም «ሳይነስ አለብኝ» ተብሎ ይታለፋል። ሳይነስ ግን ሁላችንም በፊታችን አጥንቶች ውስጥ ያሉን ክፍት ቦታዎች ስም እንጂ የበሽታ ስም አይደለም፤ ብዙ ጊዜ በዚህ ስም የሚጠራው ሕመም የአፍንጫ አለርጂ ነው። ነፋሱ የሚወቀስበት ምክንያት ቢኖርም፣ ከነፋሱ ይልቅ መጀመሪያ ሊመረመር የሚገባው የምንተኛበት አልጋ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ለምን እንደሆነ ለመረዳት ግን አለርጂ በሰውነት ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

«ሰውነቴ ተቆጣ» የሚለው አነጋገራችን ነገሩን በሚገባ ይገልጸዋል። የሰውነት መከላከያ ሥራው ጀርሞችንና ጥገኛ ትላትሎችን መዋጋት ነው፤ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ግን እንደ አቧራ፣ እንደ ሣር ብናኝ ወይም እንደ ድመት ምራቅ ያለ ጉዳት የሌለውን ነገር እንደ ጠላት ይቆጥራል። በመጀመሪያው ግንኙነት ሰውየው ምንም አይሰማውም። ሰውነቱ ግን ቂም ይይዛል፤ ያንን ነገር ብቻ ለይቶ የሚያውቅ፣ ባለሙያዎች አይጂኢ የሚሉት ፀረ እንግዳ አካል ያመርትና በአፍንጫ፣ በሳንባና በቆዳ ውስጥ በሚገኙ ማስት በሚባሉ ሕዋሳት ላይ ይለጥፈዋል። ያ ነገር ሌላ ቀን ሲመለስ ሕዋሳቱ በደቂቃዎች ውስጥ ሂስታሚንና ሌሎች ቅመሞችን ይረጫሉ፤ ማሳከኩን፣ ንፍጡን፣ እብጠቱንና የአየር ቧንቧ መጥበቡን የሚያመጡት እነዚህ ናቸው። አለርጂ የሚለውን ስም እ.ኤ.አ. በ1906 ያወጣለት ክሌመንስ ፎን ፒርኬ የተባለ ኦስትሪያዊ የሕፃናት ሐኪም ሲሆን፣ አይጂኢ የተገኘው ከዚያ ስድሳ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። «ለዓመታት አብሬው ኖሬ ዛሬ እንዴት ያመኛል?» ለሚለው የተለመደ ጥያቄ መልሱም እዚሁ ላይ ነው፤ ቂሙ እስኪያዝ ድረስ ወራት ወይም ዓመታት ሊወስድ ይችላል።

ጉንፋን ከአለርጂ የሚለይበት መንገድ አስቸጋሪ አይደለም። ጉንፋን አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት፣ ቢበዛ በዐሥር ቀን ይለቃል፤ ትኩሳትና የሰውነት ቁርጥማት ሊኖረው ይችላል፤ ንፍጡም እየወፈረ ይሄዳል። አለርጂ ትኩሳት የለውም። ንፍጡ እንደ ውኃ ቀጭን ነው፤ አፍንጫን፣ ዓይንንና ላንቃን ያሳክካል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ በአንድ ዓይነት ሰዓት፣ በአንድ ዓይነት ቦታ ወይም በአንድ ዓይነት ወቅት እየተመላለሰ ለሳምንታት ይቆያል። የባክቴሪያ መድኃኒት የማይሠራውም የሚገደል ባክቴሪያ ስለሌለ ነው።

ወደ አልጋው እንመለስ። በፍራሽ፣ በትራስ፣ በብርድ ልብስና በምንጣፍ ውስጥ ባለሙያዎች ማይት የሚሏት፣ የመዥገርና የሸረሪት ዘመድ የሆነች ደቃቅ ፍጥረት ትኖራለች። ቁመቷ የአንድ ሚሊ ሜትር ሩብ ገደማ ስለሆነ በዓይን አትታይም። እንደ ትኋንና እንደ ቁንጫ አትነክስም፣ ደምም አትመጥም፤ ምግቧ ከቆዳችን በየቀኑ የሚረግፈው ቅርፊት ነው። ሰዎችን የሚያሳምመው በዋናነት ኩሷ ሲሆን፣ ይህ ኩስ በጣም ደቃቅ እንክብል ሆኖ በጨርቁ ክሮች መካከል ይከማቻል። ሰው ሲገላበጥ፣ አንሶላ ሲያራግፍ ወይም ትራስ ሲመታ እንክብሎቹ ይነሡና ከአፍንጫ ይደርሳሉ፤ ከባድ ስለሆኑም ከግማሽ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ተመልሰው ይወርዳሉ። የእህቴ ልጅ ጠዋት ብቻ የምታስነጥሰው፣ ትምህርት ቤት ስትሄድ የሚሻላትም ለዚህ ነው። ጠዋት በበሩ ስንጥቅ በሚገባው የፀሐይ ጨረር መስመር ላይ ትራሷን አንድ ጊዜ መታ ሳደርገው፣ በብርሃኑ ውስጥ የተነሣውን የአቧራ ጭስ እናቷ ራሷ አይታ ወደ ኋላ ሸሸች። ያየችው አቧራውን እንጂ ፍጥረቷን አይደለም፤ ልጇ ግን ሌሊቱን ሙሉ ስትተነፍሰው ያደረችው ያንኑ ነው።

ማይት ውኃ አትጠጣም፤ የሚያስፈልጋትን እርጥበት የምትስበው ከአየር ነው። የአየሩ እርጥበት አየሩ ሊይዝ ከሚችለው ከግማሽ በታች ሆኖ ሲቆይ እየደረቀች ትሞታለች፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ደግሞ ትበዛለች። በ1960ዎቹ በኔዘርላንድ፣ በላይደን ከተማ የነበሩ ተመራማሪዎች የቤት አቧራ አለርጂ ከዚህች ፍጥረት ጋር የተያያዘ መሆኑን ሲያሳዩ፣ እርጥብ ቤቶች ከደረቁ ቤቶች ይልቅ ብዙ ማይት እንዳላቸውም አስተውለዋል። እንግዲህ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ በጣና ደቡባዊ ዳርቻ የተቀመጠችውን ከተማችንን አስቡ። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ አለ፣ ሐይቁ በቅርብ ነው፣ ጋቢ እንኳ ታጥቦ በሁለት ቀን አይደርቅም። በዚህ ላይ ብርድን ፈርተን መስኮት ስንዘጋ የትንፋሻችን እርጥበት በክፍሉ ውስጥ ይቀራል። ሐይቁ በእርግጥ ድርሻ አለው፤ ድርሻው ግን በብርዱ ሳይሆን በእርጥበቱ ነው።

መፍትሔው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ድካም ግን አለው። አንሶላ፣ የትራስ ልብስና ብርድ ልብስ በየሳምንቱ ወይም ቢያንስ በየሁለት ሳምንቱ መታጠብ አለባቸው። ማይትን የሚገድለው 60 ዲግሪ ገደማ የሞቀ ውኃ ነው፤ ይህም እጅ ከሚችለው በላይ ስለሆነ ውኃውን አፍልቶ ሳፋ ውስጥ ባለው ልብስ ላይ በጥንቃቄ ማፍሰስ፣ ለግማሽ ሰዓት ያህል መዘፍዘፍና ሲበርድ ማሸት ይቻላል። በቀዝቃዛ ውኃ ማጠብም ቢሆን ፍጥረቷን ባይገድልም ኩሷን ጠርጎ ስለሚያወጣ ዋጋ አለው። ፍራሹን በበጋ ቀን ቀጥታ ፀሐይ ላይ አውጥቶ እያገላበጡ ለብዙ ሰዓት ማድረቅ ጥሩ ነው፤ ሲደበደብ ግን በሽተኛው ራቅ ይበል። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለው ደረቅ ጊዜ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው፤ የሞቱት ማይቶች ኩስ ግን ካልታጠበ በቀር ለወራት ኃይሉን እንደያዘ ይቆያል። ብዙ ሰው አዲስ የስፖንጅ ፍራሽ ሲገዛ እንዳይቆሽሽ ብሎ ላስቲኩን ሳያወልቅ ይተኛበታል፤ ላብ ያመጣል እንጂ ላስቲኩ ካልተቀደደ በማይትና በተኛው ሰው መካከል ጥሩ አጥር ነው፤ ላዩ ላይ ወፍራም አንሶላ ጠበቅ አድርጎ ማልበስ ይበቃል። ለጨቅላ ሕፃን ግን ልቅ ላስቲክ ሊያፍን ስለሚችል አይሞከር። ወለል ሲጠረግ አስቀድሞ ውኃ ማርከፍከፍ የእናቶቻችን ልማድ ነው፤ አቧራው እንዳይነሣ የሚያደርግ ትክክለኛ አሠራር ስለሆነ በደረቁ ከመጥረግ እጅግ ይሻላል።

ከማይት ቀጥሎ በሐይቅ ዳር ቤቶች የሚያሳስበኝ ሻጋታ ነው። በክረምት ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው ፈቀቅ አድርገው ከኋላው ይመልከቱ፤ ጥቁርና አረንጓዴ ነጠብጣብ ካዩ፣ የቆየ ጫማም ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት ከመሰለ፣ ቤቱ ውስጥ ሻጋታ አለ ማለት ነው። ሻጋታ የሚራባው በዓይን የማይታዩ ዘሮቹን ወደ አየር በመልቀቅ ሲሆን፣ አለርጂና አስም ያለበት ሰው እነዚህን ሲተነፍስ ሕመሙ ይነሣበታል። በላዩ ላይ ቀለም መቀባት የተለመደ ስሕተት ነው፤ ውኃው የሚገባበት ካልተዘጋ ሻጋታው በሚቀጥለው ክረምት ቀለሙን ፈንቅሎ ይወጣል። መጀመሪያ የሚያፈስሰው ቆርቆሮ ወይም ቧንቧ ይጠገን፣ ከግድግዳው ሥር ውኃ የሚያቁር ቦይ ይስተካከል፤ ከዚያ ግድግዳው በሳሙናና በውኃ ታሽቶ ይድረቅ። በረኪና የሚጠቀም ሰው ያቅጥነው፣ መስኮት ይክፈት፣ ከሌላ የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ፈጽሞ አይቀላቅለው፤ ሲቀላቀሉ የሚወጣው ጋዝ ሳንባን ይጎዳል። የቤት ዕቃዎችን ከግድግዳ አንድ ስንዝር ማራቅ፣ ልብስም በዝናብ ቀን መኝታ ቤት ውስጥ አለማስጣት ብዙ ይረዳል።

በረሮም ከቆሻሻነቱ ባሻገር አለርጂ ያመጣል። ምራቁ፣ ኩሱና ሲሞት የሚፈራርሰው አካሉ ደርቆ አቧራ ይሆናል፤ በተለይ ሕፃናት ላይ አስም ያባብሳል። ብዙ ሰው ፍሊት በመንፋት ሊያጠፋው ይሞክራል፤ የፍሊቱ ጭጋግ ግን ራሱ የአስም በሽተኛን ሊያስጨንቅ ስለሚችል፣ ሌሊት የተረፈ ምግብን መክደን፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧን መጠገን፣ ስንጥቅን መድፈንና መርዝ ያለበት ማጥመጃ ማስቀመጥ ይመረጣል። የድመትን ጉዳይ በተመለከተ ብዙዎች ጥፋተኛው ፀጉሯ ይመስላቸዋል። እውነተኛው መንስኤ በምራቋና በቆዳዋ ቅባት ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው፤ እየላሰች ፀጉሯ ላይ ታደርገዋለች፣ ሲደርቅ ደግሞ በጣም ቀላል ብናኝ ሆኖ ለሰዓታት አየር ላይ ይንሳፈፋል፣ በልብስም ወደ ሌላ ቤት ይሄዳል። ስለዚህ ድመቷ ከቤት ከወጣች በኋላ እንኳ ቤቱ እስኪጠራ ወራት ይወስዳል፤ በሳምንት ውስጥ ለውጥ ካላዩ «ድመቷ አልነበረችም» ብለው አይደምድሙ።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚምታታ አንድ ልዩነት አለ። በርበሬ ሲታመስ የማያስነጥስ፣ ምጣድ ሲሟሽ ዓይኑ የማያለቅስ ሰው የለም። ይህ ግን አለርጂ አይደለም፤ የበርበሬው ማቃጠልና የጭሱ ኮምጣጣነት የማንኛውንም ሰው አፍንጫና ዓይን ያስቆጣል፣ የሰውነት ቂም አያስፈልገውም። የእንጨትና የከሰል ጭስ፣ ዕጣን፣ ሲጋራ፣ ሽቶና የቀለም ሽታ ሁሉ በዚህ ወገን ናቸው። ልዩነቱን ማወቅ የሚጠቅመው ጭሱን ከጥፋት ነጻ ለማውጣት አይደለም፤ በአለርጂ አስቀድሞ የተቆጣ ሳንባ በጭስ ጊዜ ከሌላው ሰው እጅግ ይብስበታልና። ቡና የምታፈላ እናት አስም ያለበት ልጅ ቤት ውስጥ ካለ ቡናውን በረንዳ ላይ ብትቆላ፣ ዕጣኑን ብትቀንስ ወይም ብትተወው፣ ሥነ ሥርዓቱ አይጎድልም። ከሰል በተዘጋ ክፍል ማንደድ ደግሞ ከአለርጂም በላይ ሕይወት የሚያጠፋ ጋዝ ስላለው በምንም ምክንያት አይደረግ።

ከቤት ስንወጣ ዝናቡ ሲያባራ፣ ከመስከረም ጀምሮ ሣሩ ያብባል። ብዙ ሰው በዚህ ወቅት የሚያስነጥሰው በአደይ አበባ ምክንያት ይመስለዋል፤ ዓይን የሚስቡ አበቦች ግን ብናኛቸውን የሚያስተላልፉት በንብና በሌሎች ነፍሳት ስለሆነ ብናኙ ከባድና ተለጣፊ ነው፣ በነፋስ ርቆ አይሄድም። በአየር ላይ ተበትኖ አፍንጫችን የሚገባው በአመዛኙ አበባው እንኳ የማይታወቀን የሣሩ ብናኝ ነው። በደረቅና ነፋሻ ቀን ይበዛል፤ ጥሩ ዝናብ ሲዘንብ ይታጠባል። በዚህ ወቅት ከውጭ ሲገቡ ፊትን መታጠብና ልብስ መቀየር፣ አንሶላን ሣር ላይ አለማስጣት ጠቃሚ ነው። ለበዓል የሚጎዘጎዘው ቄጤማም በዕለቱ ትኩስ ሆኖ ብዙ አያስቸግርም፤ ለቀናት ወለሉ ላይ ሲቆይ ግን ከታች ይሻግታል፣ ከላይ ይደርቅና ይደቅቃል፤ በማግሥቱ ማውጣት ይሻላል። በአገራችን ብዙ አካባቢ የተስፋፋው ፓርቲኒየም የተባለው አረም ደግሞ በባዶ እጅ ለሚነቅሉት ሰዎች የሚያሳክክ የቆዳ ቁስል ያመጣልና ጓንት ያስፈልጋል።

በሐይቁ ዳር ማታ መብራት ሲበራ አምፖሉን የሚከብቡ፣ ትንኝ የሚመስሉ ግን የማይነክሱ ትንንሽ ዝንቦችን ሁላችንም እናውቃቸዋለን፤ ጠዋት መስኮት ሥር ሞተው እንደ ገለባ ተከምረው ይገኛሉ። እነዚህ ዝንቦች ዕጫቸው ውኃ ውስጥ የሚያድግ ሲሆን፣ ከዘመዶቻቸው አንዱ በሱዳን፣ በዓባይ ወንዝ ዳር ኒሚቲ በሚል ስም ይታወቃል፤ በሚፈላበት ወቅት የደረቀ አካሉን በሚተነፍሱ ነዋሪዎች ላይ አለርጂና አስም እንደሚያመጣ በጥናት ታይቷል። ስለዚህ ውኃው አጠገብ የሚኖርና ማታ ማታ የሚታመም ሰው መስኮቱ ላይ ወንፊት ቢያደርግ፣ የውጭውን መብራት ቢያጠፋ፣ የሞቱትንም በደረቅ መጥረጊያ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ ቢሰበስብ መልካም ነው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ጣናን ያስጨነቀው እምቦጭም አንዳንዴ ለአለርጂ ይወቀሳል። የአበባው ብናኝ በነፋስ የሚበተን ዓይነት አይደለም፤ ከውኃ ወጥቶ የተከመረውና የሚበሰብሰው ክምር ግን ሻጋታ ያፈራልና አስም ያለበት ሰው ክምሩን ባያገላብጥ፣ ሲቃጠልም ባይጠጋ ይመረጣል።

የገጠር ዘመዶቻችን «እኛ ዘንድ ይህ የለም» ሲሉ የሚሉት ነገር መሠረት አለው። ኢትዮጵያውያንና እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች በጅማና በዙሪያዋ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1997 ያሳተሙት ጥናት አስም ከገጠሩ ይልቅ በከተማው እንደሚበዛ አሳይቷል፤ ከአራት ዓመት በኋላ በዚያው አካባቢ የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ብዙ የመንጠቆ ትል ያለባቸው ሰዎች ደረታቸው ሲር ሲር የማለቱ ዕድል ዝቅ ያለ ሆኖ አግኝቶታል። ከትል ጋር እንዲዋጋ የተሠራ መከላከያ ሥራ ሲያጣ ወደ አቧራ ይዞራል የሚለውን አስተሳሰብ ይህ ያጠናክረዋል። ይሁንና የመንጠቆ ትል ደም የሚያሳጣና ልጅን የሚያቀጭጭ ስለሆነ፣ የትል መድኃኒት መተው ከቶ አይመከርም።

አንድ ሰው የራሱን ቀስቃሽ ለማወቅ ውድ ምርመራ ከመፈለጉ በፊት ደብተር ይያዝ። ለሁለት ሳምንት ያህል ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓት፣ የነበረበትን ቦታ፣ ይሠራ የነበረውን ሥራ ይጻፍ። ጠዋት ከአልጋ ሲነሣ ከሆነ ማይት፣ ቁም ሳጥን ሲከፈት ከሆነ ሻጋታ፣ ዘመድ ቤት ሲሄድ ብቻ ከሆነ ድመት፣ በመስከረምና በጥቅምት ሜዳ ላይ ከሆነ ሣር ይጠረጠራል። ሐኪም ይህን ደብተር ሲያይ ግማሽ መንገድ ሄዷል፤ የቀረውን ባለበት ቦታ በቆዳ ላይ ጠብታ አድርጎ በመውጋት በሚሠራ ምርመራ ማረጋገጥ ይቻላል። ከመድኃኒቶቹ ሴትሪዚንና ሎራታዲን ሂስታሚንን የሚያግዱ ናቸው፤ የቆየው ክሎርፌኒራሚን ግን እንቅልፍ ስለሚያመጣ ባጃጅም ሆነ መኪና ለሚያሽከረክር ሰው አደገኛ ነው። አፍንጫ ወዲያው የሚከፍቱ ጠብታዎች ከአምስት ቀን በላይ ሲወሰዱ መልሰው ይዘጉታል። አስም ያለባቸው ሰዎች የሚነፉትን መድኃኒት «ሱስ ያስይዛል» ብለው ይሸሹታል፤ ይህ እውነት አይደለም፣ ብዙ ሰውም በዚህ ፍርሃት ሳያስፈልግ ተሠቃይቷል። የእህቴ ልጅ ብርድ ልብሱ በፈላ ውኃ ከታጠበ፣ ፍራሿም በላስቲክ ከተሸፈነ በኋላ ጠዋት አንድ ሁለቴ ብታስነጥስ ነው፤ መስኮቷም ቀን ቀን ይከፈታል።

አስቸኳይ የሚሆነውን ለይቶ ማወቅ ደግሞ የቤተሰቡ ሁሉ ሥራ ነው። ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ፣ ድምፅ ከጎረነነ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ መላ ሰውነት ላይ ሽፍታ ወጥቶ ራስ ካዞረ፣ የሚያድነው በጭን ጡንቻ የሚወጋ አድሬናሊን ስለሆነ ቤት ውስጥ ክኒን እየሰጡ መጠበቅ አይገባም። በእኛ አካባቢ ይህን ከሚያመጡት አንዱ የንብ መንደፍ ነው። አንድ ጊዜ ተነድፎ የተነደፈበት ቦታ ብቻ ያበጠ ሰው ብዙም አይስጋ፤ ያን ጊዜ ራሱን የሳተ ወይም ትንፋሽ ያጠረው ሰው ግን ወደ ቀፎ ከመመለሱ በፊት ሐኪም ያማክር። በተለይ በጣና ዳር ባለችው ዘጌ ወይም በሐይቁ ደሴት በደቅ ላይ የሚኖር ከሆነ፣ በአቅራቢያው ያለው ጤና ጣቢያ አድሬናሊን ይኑረው አይኑረው፣ በምን ጀልባና በስንት ሰዓት ወደ ባሕር ዳር እንደሚደርስ፣ ማን እንደሚያደርሰው ጤነኛ ሳለ ከቤተሰቡ ጋር ይነጋገር።